ኩፍኝ ያጠፋው ዓይን

«ብሌኑን አውጥተውታል አሉ።»

«ምን? የማንን?»

«የሟቹን ነዋ! የዶክተሩን።»

«ኧረ አዑዙ ቢላህ!»

ሹክሹክታው የመጣው ከበሩ ሥር፣ ከተከመረው ጫማ አጠገብ ከተቀመጡ ሁለት ሴቶች ነው። ሰአዳ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ሥር፣ ፍራሽ ላይ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ እንደተቀመጠች ሰማቻቸው። ዕድሜዋን በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ሐኪሞች በአፍ መሸፈኛቸው ሥር የሚያጉተመትሙትን ስትሰማ የኖረች ነርስ ናት። ሹክሹክታ አያመልጣትም።

ባሏ ዶክተር ሰላሀዲን፣ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ «የዓይኑ ሐኪም» ብቻ ብሎ የሚጠራው ሰው፣ በተቀበረ ማግሥት ነበር። አጥሩ በር ላይ የተተከለውን ድንኳን ንፋሱ አንዴ ይነፋዋል፣ አንዴ ያረግበዋል። ወንዶቹ እዚያ ናቸው። ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከሰአዳ ጎን አማቷ እማ ሰሊሃ አሉ። ቆላ ያደጉት ሴትዮ ብርዱን አልቻሉትም፤ ሁለት ጋቢ ደርበው ሙስበሃቸውን፣ የዱዓ መቁጠሪያ ጨሌውን፣ ይቆጥራሉ። ጆሯቸው ደክሟል ይባላል። ሰአዳ ግን በዚህ እርግጠኛ ሆና አታውቅም።

«ሚስትየዋስ እያየች?» አለች አንደኛዋ ሴት።

«እሷ አይደለች የፈቀደችው! ደውላ የጠራቻቸው ራሷ ናት። የአምቡላንሱ ሹፌር ነው ያወራው።»

«ሸጣው ይሆን እንዴ?»

ሻይ እያዞረች የነበረችው ሰብሪና፣ የሰአዳ ልጅ፣ ፔርሙሱን እንደያዘች ቀጥ አለች። ፊቷ ደም መሰለ። አፏን ልትከፍት ስትል ሰአዳ የቀሚሷን ጫፍ ያዘቻት።

«ተዪ» አለቻት ቀስ ብላ።

«እማዬ፣ ምን እንደሚሉ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ተዪ።»

የታደገቻቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ናት። የእድሩ ዳኛ ነች፤ ድምጿ ከአጥር እስከ አጥር ይሰማል። ንፍሮ በሰፊ ሰፌድ ይዛ ስትገባ የሁለቱን ሴቶች አፍና ጆሮ መገጣጠም አይታ፣ «እናንተ! ወሬ ከምታፈሉ ሻይ አፍሉ!» ብላ ወደ ጓዳ አስነሣቻቸው። ከዚያ ሰአዳ አጠገብ በርከክ አለች። «ሰአዳዬ፣ አንድ ጊዜ ዝገኚ። ሐዘንን ባዶ ሆድ አይችለውም።»

ሰአዳ ዘገነች። ንፍሮው እጇ ላይ ቀረ።

ወሬው እውነት ነበር።

ሰላሀዲን የሞተው አዲስ አበባ፣ ልቡን ሊታከም በገባበት ሆስፒታል ነው። ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ትራሱን ከፍ አድርገውለት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ልቤ አልረባም» አላት። «ዓይኔ ግን ደህና ነው። ለማንበብ ካልሆነ መነፅር እንኳ አላውቅም።»

«ተው እንጂ ሰላሀዲን።»

«የዓይን ባንኩን ስልክ ታውቂዋለሽ። ሌላ ሰው እንዳታስደውዪ፤ አንቺው ደውዪ። ከዚያ በኋላ እንደ ልብሽ ታለቅሻለሽ።»

ይህን ነገር ስንት ጊዜ ለሌላ ሰው ተናግራለች! የሰው አባት፣ የሰው ልጅ በሞተ በሰዓቱ፣ ኮሪደር ላይ እንባውን ገና ያልጠረገ ሐዘንተኛ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «የሟቹን የዓይን ብሌን ብትለግሱ ሌላ ሰው ያይበታል» ብላለች። አንዳንዱ እሺ ይላል። አንዳንዱ ይሰድባታል። አንዲት እናት ደረቷን ገፍትረው ጥለዋታል። ያን ቀን ለሰላሀዲን ስትነግረው፣ «ልክ ናቸው» ነበር ያላት። «እኛ የምንመጣው መምጣት በማይገባበት ሰዓት ነው። ግን ሌላ ሰዓት የለንም።»

ለእሷም ሌላ ሰዓት አልነበራትም። እጁ ሳይቀዘቅዝ ደወለች። ሁለት ወጣቶች ትንሽ ሣጥን ይዘው መጡ። አንደኛው አንሶላውን ገለጥ አድርጎ ፊቱን ሲያይ ግድግዳውን ተደገፈ። «አስተማሪዬ ናቸው» አለ። «እኔ አልችልም።»

ሰአዳ ክንዱን ይዛ ቀና አደረገችው። «ትችላለህ» አለችው። «እሱ ያስተማረህ ለዚህ አይደል?» ከዚያ ወጥታ፣ በሩን ዘግታ፣ በጀርባዋ ተደግፋው ቆመች። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ዓይን ሲነካ ከክፍል የወጣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የዚያኑ ዕለት አምጥተውት፣ አጥበው ገንዘው፣ የዐስርን ሶላት ሰግደው ቀበሩት። እማ ሰሊሃ ከአልዩ አምባ የአንኮበርን ዳገት በመኪና ወጥተው የደረሱት ጀናዛው ሊነሣ ሲል ነው። ፊቱን ገልጠው አሳይተዋቸው ግንባሩን ሳሙት። የተኛ ይመስል ነበር፤ ምንም የጎደለው ነገር አይታይበትም። ሰአዳ ከበስተኋላቸው ቆማ አየች። አፏን አልከፈተችም። አንድ አደራ ነበረባት።

*

ከቀትር በኋላ፣ ከለሚ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከድንኳኑ ተነሥተው «ባለቤቱን ካላየሁ አልሄድም» አሉ። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ መቋሚያ የያዙ፣ መሪጌታ ወልደአረጋይ የሚባሉ የቅኔ መምህር ናቸው። ወይዘሮ አሰለፈች እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው።

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉ፤ ከዚያም ሳይጠየቁ ጀመሩ። «እኔን ያውቀኝ ነበር። ሞራ ጋርዶኝ፣ ተማሪ እየመራኝ ነው የመጣሁበት። ገፈፈልኝ። ማግሥቱን ጠዋት ፋሻውን ፈታና ‹አባ፣ ምን ይታይዎታል?› አለኝ። ‹አንድ ቀጭን ጥቁር ልጅ ይታየኛል፤ ሐኪሙን ጥራልኝ› አልሁት። ‹ሐኪሙ እኔ ነኝ› አይለኝም? ‹እንዴ! ድምፅህ የሽማግሌ ነው። እንዲህ ለጋ መሆንህን ባውቅማ መች ዓይኔን አሳልፌ እሰጥህ ነበር!› አልሁት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው መሀል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። መሪጌታም እስኪበርድላቸው ጠበቋቸው።

«ቆዩ፣ አልጨረስሁም» አሉ በኋላ። «‹ይህችኛዋስ ዓይኔ መቼ ነው?› ስለው፣ ወንበር ስቦ ጎኔ ተቀመጠ። እጄን ያዘ። ‹አባ፣ ያችኛዋ ሞራ አይደለም፤ ግላኮማ የሚባል ነው። ጠፍታለች፤ አትመለስም› አለኝ። ሌላው ሐኪም ‹እናያለን፣ እግዜር ያውቃል› ይለኝ ነበር። ስንቴ ብሎኛል! እሱ ግን ዋሽቶ አላስደሰተኝም። እጄን ሳይለቅ ቁጭ አለ፤ ውጪ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀው፣ እኔ አልቅሼ እስክወጣልኝ ቁጭ አለ። በዚህች በአንዷ ይኸው እስከ ዛሬ አነባለሁ። በዚያችኛዋ ደግሞ እውነቱን ስላወቅሁ አርፌ ተኛሁ። እንዲያ ያለ ሰው ነበር።»

«አይዋሽም ነበር» አለች ወይዘሮ አሰለፈች አፍንጫዋን እየጠረገች። «የኔን የስኳር በሽታ ዓይኔ ውስጥ አይቶ ‹አሰለፈች፣ ጣፋጭ እየበላሽ ነው› ያለኝ እሱ ነው። አፈርሁ እኮ።»

ሰአዳ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ አዳመጠች። አዎ፣ አይዋሽም ነበር። በሕይወቱ አንድ ውሸት ብቻ ነው ያለው። ያን ውሸት እሷ ታውቀዋለች። የተዋሹት እናቱ ደግሞ ይኸው ከጎኗ ተቀምጠው ሙስበሃ ይቆጥራሉ።

*

ሰላሀዲን ያደገው አልዩ አምባ ነው፤ አባቱ ከቆላው ጥጥና በርበሬ እየጫኑ ወደ አንኮበር የሚያወጡ ነጋዴ ነበሩ። ያዕቁብ የሚባል ታላቅ ወንድም፣ ኢክራማ የምትባል ታናሽ እህት ነበሩት። ኢክራማ በሕፃንነቷ ኩፍኝ ወጣባት። ዓይኗ ሲቀላና ሲያብጥ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ይህን ቅጠል ጭመቁባት» አለ። እማ ሰሊሃ ጨመቁባት። ያን ጊዜ ሁሉም እናት የሚያደርገው ነበር። እብጠቱ ሲጎድል የልጅቷ ሁለቱም ዓይኖች ላይ ነጭ ደመና ወጥቶባቸው ተገኘ። ከዚያ በኋላ አላየችም።

ዓይነ ስውሯ ልጅ ቤት ውስጥ ሥራ ፈታ አልተቀመጠችም። አባቷ ያመጡትን በርበሬ የምትለቅም እሷ ነበረች። ዛላውን በጣቷ ዳብሳ፣ በአፍንጫዋ አሽትታ፣ የሻገተውን ከደህናው ትለያለች። ሰላሀዲን ከአንኮበር ትምህርት ቤት በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ሊወስድ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከበርበሬው ክምር አጠገብ ተቀምጦ የተማረውን ይነግራት ነበር። እሷም እያስነጠሰችው ትስቅበታለች።

ከደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ አዲስ አበባ ሕክምና ሲገባ፣ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ የዓይን መምህሩን ተከትሎ ወጣ። ስለ እህቱ ነገረው። መምህሩም፣ «የሸፈናት ጠባሳ ነው» አለው። «ከሞተ ሰው ንጹሕ ብሌን ወስዶ መተካት ይቻላል። ውጭ አገር ይሠራል። እኛ ዘንድ ግን ገና ነው፤ ማን ይሰጣል?» ሰላሀዲን ይህን ይዞ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲወርድ ኢክራማን አላገኛትም። ወባ ወስዳታለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሰአዳ የነገራት ከተጋቡ በኋላ ነው። በዓይን ሕክምና ስፔሻላይዝ አድርጎ፣ ጓደኞቹ አዲስ አበባ ክሊኒክ ሲከፍቱ እሱ ደብረ ብርሃን ተመልሶ ነበር። እሷ የሸዋ ሮቢት ልጅ፣ አዲስ የተመደበች ነርስ ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአረፋ በዓል ሚስቱ ሆና አልዩ አምባ ወረደች። ከምሳ በኋላ እማ ሰሊሃ የልጃቸውን እጅ መዳፋቸው ውስጥ አድርገው፣ «ሰላሀዲኔ፣ አሁን አንተ የዓይን ሐኪም ነህ» አሉት። «እስቲ ንገረኝ። የኢክራማን ዓይን ያጠፋው ያ ቅጠል ነው?»

ሰላሀዲን ዓይናቸውን ትክ ብሎ አያቸው።

«አይደለም እማ» አለ። «ኩፍኙ ነው። ኩፍኝ ዓይን ያጠፋል። ቅጠሉ ምንም አላደረገም።»

እማ ሰሊሃ እጁን ሳሙት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ሰአዳ ነርስ ናት። ምን እንዳለ አውቃለች። ሲመለሱ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ መኪናቸው ግላ እንድትቀዘቅዝ ቆመው፣ ቁልቁል ቆላው ጉም ለብሶ እየታየ፣ «ለምን ዋሸሃቸው?» አለችው።

«እውነት የሚነገረው ለበሽተኛው ነው» አለ። «በሽተኛዋ ሞታለች። ለእማ የሚተርፋት እሳቱ ብቻ ነው።»

«አንተ ግን አትዋሽም።»

«ኩፍኝ ዓይን ማጥፋቱ እኮ ውሸት አይደለም። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ደግሞ እኔ እሸከማለሁ። አንቺ አደራ፣ ማንም እንዳይነግራት።»

ተሸከመውም። ለዓይን ሕክምና ዘመቻ በየቀበሌው ሲዞር፣ ሴቶችን ሰብስቦ «ቅጠል ዓይን ውስጥ አይገባም! ዓይን ቁስል አይደለም!» እያለ ይጮህ ነበር። በለሚም፣ በደብረ ሲናም፣ በአንኮበርም ጮኋል። አልዩ አምባ ሲደርስ ብቻ ያን ትምህርት ሌላ ባለሙያ እንዲሰጥ ያደርግና እሱ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ዓይን ይመረምራል። እናቱ ከእሱ አፍ እንዳይሰሙት ነበር።

ዓይኑን ለመስጠት ቃል የገባ ቀንም፣ «ለእማ አይነገር» ያለው ለዚሁ ነው። «ለማን ነው የሚሆነው ብላ ትጠይቃለች» አለ። «አንዱን ከመለስሽላት ሌላውን ትደርስበታለች። ኢክራማ ልትድን ትችል ነበር ማለት ነው? ትላለች። ከዚያ ወደ ቅጠሉ ትመለሳለች። ተዪያት።»

*

የወሬው ጭስ ድንኳኑ ደርሶ ኖሮ፣ መሪጌታ ወጥተው ብዙም ሳይቆይ ያዕቁብ ወደ ቤት ገባ። አልዩ አምባ ሱቅና የእህል በረንዳ ያለው፣ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ጨዋ ነጋዴ ነው። አሁን ግን ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ወይዘሮ አሰለፈች ፊቱን አንድ ጊዜ አይታ፣ «በሉ ሴቶች፣ ጓዳ ሥራ አለ» ብላ እንግዳውን ሁሉ አስነሣች። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ያዕቁብ፣ ሰአዳ፣ ሰብሪናና እማ ሰሊሃ ብቻ ናቸው።

«ሰአዳ» አለ ቆሞ። «የሚወራው እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ።»

«የወንድሜን ዓይን?»

«ብሌኑን። ራሱ ነው ያዘዘኝ። እኔ ቃሉን ነው የፈጸምሁት።»

ያዕቁብ ግንባሩን በእጁ ያዘ። «ሼሁን ጠይቄያቸዋለሁ» አለ። «‹ዑለማዎች በዚህ ነገር ብዙ ብለዋል፤ ሰውየው ለበጎ አስቦ ነይቶ ከሆነ አላህ ኒያውን ያውቃል፤ የተቀበረን ሰው በወሬ አታንሡት› ብለውኛል። እሺ። የዲኑን ለእሳቸው ትቻለሁ። እኔ የምጠይቅሽ የቤቱን ነው። እናቱ በሕይወት አለች። እኔ ታላቁ አለሁ። ለበጎ ከሆነ፣ ደግ ሥራ ከሆነ፣ ለምንድን ነው ከእናቱ የተደበቀው? ደግ ሥራ ይደበቃል እንዴ?»

ሰአዳ ሻሿን ወደ ቅንድቧ ሳበች።

«መልሺልኝ እንጂ!»

«እማዬ ንገሪያቸው!» አለች ሰብሪና እያለቀሰች። «ምክንያት አለሽ አይደል? ለምን ዝም ብለሽ ትሰደቢያለሽ?»

ምክንያቱ አፏ ውስጥ ነበር። አንዲት ስም መጥራት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ኢክራማ ብትል ያዕቁብ ይበርዳል፤ ወሬውም ይሞታል። ግን ያ ስም ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። ሰላሀዲን ያን ሁሉ ዘመን በትከሻው ደግፎ የያዘው ግድግዳ፣ እሱ አፈር በገባ ማግሥት፣ በእሷ እጅ ሊፈርስ ነው።

«ጋሼ፣ የምለው የለኝም» አለች። «የደበቅሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ያንቺ!» ያዕቁብ ድምፁ ተሰነጠቀ። «እኔ ወንድሜን ካንቺ ጎድሎ ልቀበል...»

«ያዕቁብ።»

የሙስበሃው ድምፅ ቆሟል። እማ ሰሊሃ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ገፋ አድርገው ቀና ብለዋል።

«አቤት እማ።»

«ተቀመጥ። ቆሞ በሐዘንተኛ ላይ አይጮህም።»

ያዕቁብ ባለበት ቁጭ አለ። እማ ሰሊሃ ወደ ሰአዳ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ የሚሉት ነገር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያ ብሌን የሚሉት፣ ዓይኑ ላይ ነጭ ለወጣበት ሰው ነው የሚሆነው?»

«አዎ እማ።»

«ደመና ለሸፈነው?»

«አዎ።»

«እንደ ኢክራማዬ።»

ሰብሪና አክስቷን በስም ብቻ ነው የምታውቃት፤ አንዴ አያቷን፣ አንዴ እናቷን ታያለች። ያዕቁብ ራሱን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ቀረ። ሰአዳ ወደ አማቷ ዞረች።

«አዎ እማ። እንደ ኢክራማ።»

አሮጊቷ ሙስበሃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ፣ ከሰአዳ ዓይን ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዕቃ በየቦታው እያስቀመጡ፣ «ኩፍኝ ላጠፋው ዓይን» አሉ።

ጥያቄ አልነበረም። ሰአዳም ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር ተረዳች። ያውቃሉ። ምናልባት ያን የአረፋ ዕለት፣ የልጃቸውን እጅ እየሳሙ ጭምር ያውቁ ነበር። ልጃቸው የማያውቀውን መዋሸት ለእሳቸው ሲል ሲሞክር አይተው፣ ድካሙ ከንቱ እንዳይሆንበት ተቀብለውታል። እሱ እናቴን ጠበቅሁ ብሎ ኖረ። እሳቸውም ልጄን ልጠብቀው ብለው አላወቅሁም አሉ።

አንዲት ቃል ብትሳሳት የሁለቱም ዘመን ይባክናል።

«አዎ እማ» አለች፤ ድምጿን ቀጥ አድርጋ። «ኩፍኝ ላጠፋው ዓይን።»

እማ ሰሊሃ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱም ልክ እንዲህ ነበር የሚለኝ» አሉ። ከዚያ የሰአዳን ጉልበት በእጃቸው ቆንጠጥ አድርገው ያዙ። «አንቺም እንደሱ ነሽ።»

ወደ ያዕቁብ ዞሩ። «ሰማህ ልጄ? ወንድምህ ለእህትህ ነው የሰጠው። በሕይወቷ አልደረሰላትም፤ ለመሰሏ ሰጠ። ከእኔ የደበቀውም ኢክራማን እንዳያስታውሰኝ ብሎ ነው። እኔ ግን መች ረስቼያት አውቃለሁ? በርበሬ ባየሁ ቁጥር ነው የማያት። እንግዲህ ይህችን ልጅ የሚናገር ሰው ካለ፣ ሰሊሃን ነው የተናገረው በል።»

ያዕቁብ ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ለእንግዳ መቀበል፣ ለመቃብር፣ ለድንኳን እየተሯሯጠ አላለቀሰም ነበር። አሁን በእናቱ ጉልበት ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ኢክራማ ስትሞት እሱ አዲስ አበባ ነበር» አለ። «የቀበርኋት እኔ ነኝ። ሲመጣ ‹ትንሽ ብትቆይልኝ ኖሮ› ብቻ ይለኝ ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ አላወቅሁም እማ። አላወቅሁም።»

«አሁን አወቅህ» አሉ እማ ሰሊሃ፤ ጀርባውን እየመቱ።

እንባውን ጠርጎ ሲነሣ ሰአዳ ፊት ቆመ። ይቅርታ የሚጠይቅበት ቃል አጥቶ ጥምጣሙን አስተካከለ፤ ፈታው፤ እንደገና ጠመጠመው። ከዚያ ወጣ። በመስኮቱ በኩል ድምፁ ተሰማ። ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ፣ ንፋሱን አሸንፎ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ጀማዓ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስለ ወንድሜ ዓይን ነው...» ሲል። ሰብሪና እናቷ ትከሻ ላይ ራሷን ጥላ አዳመጠች።

*

በሦስተኛው ቀን ዱዓው ተደርጎ፣ ሰው ተሰናብቶ፣ የእድሩ ልጆች ድንኳኑን ማጠፍ ጀመሩ። ወይዘሮ አሰለፈች የቀረውን ሳህን እየቆጠረች ትጨቃጨቃለች። ያዕቁብ መኪናውን በር ላይ አስነሥቶ እናቱን ይጠብቃል፤ ከመሸ የአንኮበር መንገድ ጉም ይይዘዋል። ሰአዳ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ሰው ሲያልቅ ቤት ውስጥ መግባት ፈራች። እዚያ የሰላሀዲን ኮት አለ።

እማ ሰሊሃ ቀስ እያሉ መጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ማን ወሰደው?» አሉ።

ሰአዳ ቀና አለች። «አይነግሩንም እማ። ደንባቸው ነው።»

«ወንድ ይሁን ሴት እንኳ?»

«አይነግሩንም።»

«እሺ» አሉ። ትንሽ ቆዩ። «ልጅ ብትሆን ግን... በርበሬ የምትለቅም...» አልጨረሱትም። በእጃቸው አየሩን ገፋ አድርገው ተዉት።

ከበር ላይ ያዕቁብ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ።

«ሂድ!» አሉ እማ ሰሊሃ ሳይዞሩ። «የኔን ጓዝ አውርድና ሂድ። ዒዳዋ፣ አራት ወር ከዐሥር ቀኑ፣ እስኪወጣ ከልጄ ጋር ነኝ።»

«እማ፣ ይኼን ብርድ አይችሉትም» አለች ሰአዳ።

«እችለዋለሁ። ነይ፣ ፊትሽን ቀና አድርጊ። ዓይንሽ አብጦ ጠፍቷል።»

«እኔ ነኝ እርስዎን መንከባከብ ያለብኝ...»

«ዝም በይ።»

ቧንቧውን ከፍተው ውኃውን በመዳፋቸው ጨለፉ። ደብረ ብርሃን ውኃው አጥንት ይገባል፤ ሰአዳ ሲነካት ሰቀጠጣት። አሮጊቷ አልቸኮሉም። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ ከአፍንጫዋ ሥር ወደ ጆሮዋ በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ አጠቡላት። ሰአዳ ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እማ ሰሊሃ «እሺ፣ እሺ» እያሉ የሚወርደውን ከውኃው ጋር አብረው ጠረጉት።

ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው አሞቁት። በተጨፈነው ዓይኗ ላይም ቀስ ብለው አሳረፉት፤ እስኪቀዘቅዝም አላነሡትም።